«ሰነፍ» ከማለታችን በፊት

ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ቆማችሁ መሆኑን እናውቃለን። ከምሳ በኋላ ደወል እስኪደወል ባለችው ጊዜ፣ ከፊት ያለው እየጋረዳችሁ ከኋላ ያለው እየገፋችሁ ነው። ስለዚህ ማሳጠር ነበረብን። ዳሩ ግን ጉዳዩ የሁላችንም ሆነና አላጥር አለን። እግራችሁን እየቀያየራችሁ አንብቡልን። የምንጽፈው ስለ ዕዳ ነው።

እኛ አራት ነን። ከተቋማችን ጀርባ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን የምንኖር የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኞች ነን። ዕድሜያችን ሃያ ግድም ሲሆን አራታችንም ከመንዝና ከአካባቢው የመጣን የገበሬ ልጆች ነን። ኪራዩ በወር 2,000 ብር ስለሆነ ለእያንዳንዳችን 500 ብር ይደርሰናል። ፍራሻችን ሁለት ነው፤ ባናው ደግሞ ከየቤታችን የመጣ ስለሆነ ብርድ አንፈራም። ከቤት የተላከ በሶና ድርቆሽ እስካለ ድረስ ጌቶች ነን። በሶው ሲያልቅ ግን ወደ ሰፈራችን ባለሱቅ ወደ እትዬ እንሄዳለን። እትዬ ደግ ሰው ናቸው። ለእኛ ብቻ የሚሆን ሰማያዊ ደብተር አላቸው፤ በሽፋኑ ላይ «ተማሪዎች» ተብሎ ተጽፎበታል። ዳቦ፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሻማ እያሉ ይጽፉልናል። እኛም «ወር ሲሞላ» እያልን እንወስዳለን።

ታዲያ ጥር ያለቀ ዕለት ማታ ሒሳባችንን ለማወቅ ደብተሩን ተውሰን መጣን። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሻማ አብርተን ዙሪያውን ተቀመጥን። ሁለት ጊዜ ደመርነው። ሁለቱንም ጊዜ 2,340 ብር መጣ።

«ይቺ እኮ ቀላሏ ናት» አለ አንዳችን። «የትልቁ ዕዳ ደብተር የት አለና!»

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። እያንዳንዳችን እዚህ ለመድረስ ከቤቱ ምን እንደወጣ መናገር ጀመርን። ለአንዱ ሁለት በጎችና አንዲት ጊደር ተሸጠዋል። የሌላው እናት ዕቁብ ደርሷቸው የቤታቸውን ጣሪያ ሊያስቀይሩ ነበር፤ ገንዘቡን ለልጃቸው ሰጥተው ጣሪያው እንዳለ ቀረ። እሱም ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናብ ሲሰማ እንቅልፍ እንደማይወስደው ነገረን። ሦስተኛውን የሚረዳው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ የወንድሙን ነገር ወደ ኋላ እናነሳዋለን። አራተኛው ጓደኛችን ግን ዝም ብሎ ሻማውን ያያል።

«አንተስ?» አልነው።

«እኔ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አልመለስም» አለ።

በመጀመሪያ የቀለደ መስሎን ነበር። እናቱ ከአራት ጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው በቡድን ዋስትና በግ ለማድለብ 15,000 ብር ተበድረው ኖሯል። ከብሩ ግማሽ የሚሆነው በበግ ፈንታ ለልጃቸው ኪራይ፣ ለጫማና ለመሳፈሪያ ወጣ። አሁን የመክፈያው ቀን ደርሷል። በቡድን ብድር አንዷ መክፈል ቢያቅታት ዕዳው በሌሎቹ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሴትዮዋ ገበያ ሲሄዱ ጎረቤቶቻቸውን ቀና ብሎ ማየት አቅቷቸዋል። ይህ ሳያንስ ስምንተኛ ክፍል የምትማረዋን እህቱን አንድ ደላላ ዓረብ አገር እልካታለሁ እያለ ቤት ይመላለሳል።

«እሷ ከምትሄድ እኔ አዲስ አበባ ወርጄ ሲሚንቶ ልሸከም» አለን።

እኛም እንደማንኛውም ሰው፣ በአፋችን የመጣውን ተናገርን። «አይዞህ፣ ትንሽ ጠንክር፣ ያልፋል» አልነው።

ቀና ብሎ አየንና ፈገግ አለ። «ከዚህ በላይ በምን ልጠንክር?» አለ።

አንባቢ ሆይ፣ ለዚህች ጥያቄ መልስ አጣን። ምክንያቱም ከአራታችን ውስጥ ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ተነስቶ የሚያጠናው እሱ ነው። ቅዳሜና እሑድ ኖራ ሲቀባና ድንጋይ ሲያወርድ የሚውለውም እሱ ነው። ሒሳብ ሲከብደን የሚያስረዳንም እሱ ነው። ጠንክር የሚባል ሰው ቢኖር እኛ እንጂ እሱ አልነበረም። ያቺ ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ አብራን ሰነበተች፤ ይህንንም ጽሑፍ ያጻፈችን እሷ ናት።

ሁላችንም ያደግንበት አንድ ትምህርት አለ። ይኸውም «ጠንክሮ የተማረ ያልፍለታል፤ ያላለፈለት ስላልጠነከረ ነው» የሚል ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ደግ ምክር ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን እውነት መሆኑን እስቲ አብረን እንመርምር።

አራታችንም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የወሰድነው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ነው። ውጤቱ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሲነገር በአገሪቱ ከተፈተኑት 845,099 ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ። ከመቶ 3.2 ማለት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ፈተናም ቁጥሩ ከመቶ 3.3 ነበር። በእኛው ዓመት 1,328 ት/ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

እንግዲህ «ያላለፈ ሁሉ ስላልጠነከረ ነው» ካልን፣ ከመቶው ተማሪ ዘጠና ሰባት ያህሉ ሰነፍ ነው ልንል ነው። በ1,328 ት/ቤቶች ውስጥ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጎበዝ ጠፋ ልንል ነው። ኧረ ይህስ አይመስልም! ፈተናው መጥበቁን የምንቃወም አይምሰላችሁ። ኩረጃ የብዙውን ተማሪ ድካም ሲበላ በዓይናችን አይተናል፤ መጥበቁ ደግ ነው። ጥብቁ ሚዛን ያሳየን ነገር ግን የልጆቹን ስንፍና ብቻ አልነበረም። መምህር ያልተመደበለትን ክፍል፣ መጽሐፍ ያልደረሰውን ተማሪ፣ ቤተ ሙከራ የሌለውን ት/ቤት፣ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት የባከኑትን ወራት ሁሉ አብሮ መዝኗል። ያ ጓደኛችን የፊዚክስ መምህር ለግማሽ ዓመት ያልነበረው ት/ቤት ውስጥ ተምሮ፣ በሶላር አምፖል እያጠና በአማካይ ከመቶ 46 አመጣ። በክፍላቸው አንደኛ እሱ ነበር። በመንደሩ ግን «ወደቀ» ተባለ።

የቋንቋችንን ነገር ልብ በሉልን። ሥራ የማይወድ ሰው «ሰነፍ» ይባላል። ትምህርት ያልገባው ልጅም «ሰነፍ ተማሪ» ይባላል። የሚተጋ ሰው «ጎበዝ» ነው፤ አንደኛ የወጣም «ጎበዝ» ነው። አንድ ቃል ለሁለት ነገር እናውለዋለን። ስለዚህ ያልተሳካለትን ልጅ በጠራነው ቁጥር ሳናስበው ያልሠራ አድርገን እንፈርድበታለን። ልጁም ቃሉን ከመምህሩ አፍ ስለሰማው እውነት ይመስለዋል።

አባቶቻችን ግን ለማሳቸው እንዲህ አይፈርዱም። የመንዝን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ገበሬው አርሶ፣ አለስልሶ፣ ዘርቶ፣ አርሞ ይጨርሳል። ገብሱ ሊያሸት ሲል አንድ ሌሊት ውርጭ ይወርድና ጠዋት ማሳው ተለብልቦ ይገኛል። ያን ጊዜ ጎረቤት መጥቶ «ሰነፍ ገበሬ ነህ» ይለዋልን? አይለውም። «እግዜር ይካስህ» ብሎ ዘር ያበድረዋል። ገበሬውም በሚመጣው ዓመት መልሶ ያርሳል። ማረሱ ግዴታው ነው፤ ውርጩ ግን በእጁ አይደለም። ታዲያ ለገብስ የምናውቀውን ነገር ለልጅ ሲሆን ለምን እንረሳዋለን?

አሁን ወደዚያ ወደ ታላቅ ወንድም እንመለስ። እሱ ጎበዝ የሚባለው ነበር፤ ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሒሳብ አያያዝ በ2013 ዓ.ም. ተመረቀ። እንደሚታወቀው ከ1996 ዓ.ም. በፊት በመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ምግብና መኝታ ጭምር በነፃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ወጪ መጋራት የሚባል ነገር መጣ። ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ከመቶ 15 ያህሉን ለመክፈል ውል ይፈርማል። ሥራ ሲይዝም ከወር ገቢው ቢያንስ ከመቶ 10 እየተቀነሰ ይከፍላል። በወረቀት ላይ ሲታይ ክፋት የለውም፤ የተማረ ሰው ለሚቀጥለው ቢያካፍል ምን አለበት?

ችግሩ ያለው «ሥራ ሲይዝ» በሚለው ላይ ነው። ወንድምዬው ከተመረቀ በኋላ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ሁለት ዓመት አሳለፈ። አንዱ ቦታ የሥራ ልምድ ይጠይቀዋል፤ ሌላው ቦታ ለአንድ መደብ ብዙ መቶ ሰው ተመዝግቦ ያገኛል። የያዘው ጊዜያዊውን ማስረጃ ነው፤ ዋናውን ለማውጣት የወጪ መጋራቱን ሒሳብ መጨረስ እንዳለበት ተነግሮታል። ለመክፈል ሥራ ያስፈልገዋል፤ ሥራው ደግሞ አልተገኘም። ዛሬ የሰው ባጃጅ በቀን ሒሳብ ተቀብሎ ይነዳል። ከሚያገኘው ላይም ለታናሽ ወንድሙ በየወሩ 500 ብር ይልካል። ይህች የቤት ኪራያችን ድርሻ ናት። በሌላ አነጋገር ያንዱ ልጅ ዕዳ ሳይከፈል የሌላው ዕዳ ተጀምሯል።

ቁጠባስ? ከእኛው አንዱ ከፈተና በኋላ አንድ ዓመት ቤት ተቀምጦ ሳለ በቀን ሥራ 7,000 ብር አጠራቅሞ ነበር። ለአንድ ዓመት ይበቃኛል ብሎ በወረቀት አስቦታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዘይቱም ሳሙናውም ደብተሩም ዋጋቸው ወደ ላይ ሄደ። ጓደኛችን እንዳለው፣ ገንዘቡ ከኪሱ ሳይወጣ አነሰ። አልሰነፈም፣ አላባከነም፤ ዳሩ ግን አነሰ።

እስካሁን የጻፍነው በእኛ ላይ ስለደረሰው ነው። አሁን ደግሞ እኛ ያደረስነውን እንናገር፤ አለዚያ ጽሑፋችን ግማሽ ይሆናል።

በኅዳር ወር ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ አንደኛ ደረጃ ት/ቤት ተመድበን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከአራታችን አንዱ አራተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተምር ነበር። አንድ ቀን የቤት ሥራ ሲያርም አንድ ልጅ ባዶ እጁን ተቀምጦ አገኘው።

«ደብተርህ የታለ?»

«መምህር፣ ከእህቴ ጋር ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። የእኛም ሰው ሰበብ መሰለውና «አንተ ሰነፍ!» ብሎ ጥቁር ሰሌዳው ሥር አቆመው። ማታ ቤት መጥቶ ሲነግረን ሦስታችን «ደግ አደረግህ፣ ይልመድ» አልነው። ስለዚህ ጥፋቱን የማን ነው ብላችሁ አትጠይቁ፤ የአራታችን ነው።

ልጁ ሁለት ቀን ከት/ቤት ቀረ። በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ይዞ መጣና በሁለት እጁ ለመምህሩ ሰጠ። ሲገለጥ ከፊት በኩል የሴት ልጅ ጽሕፈት፣ ከኋላ በኩል የእሱ ጽሕፈት ነው። እህቱ በጠዋት ፈረቃ ትማራለች፤ እሱ በከሰዓት። እኩለ ቀን ላይ በር ላይ ይገናኙና ትሰጠዋለች። በዚያች ቀን አሟት ከቤት አልወጣችም፤ እሱ ደግሞ ከብት ጠብቆ በቀጥታ ነበር የመጣው። ሁለቱ ጽሕፈቶች መሐል ላይ ሊገናኙ አራት ገጽ ብቻ ቀርቷቸው ነበር።

በእትዬ ሰማያዊ ደብተር ላይ በኅዳር ወር «ደብተር 2» የሚል መስመር አለ። ለእነዚያ ልጆች የተገዛ ነው። ነገር ግን ደብተር ይገዛል፤ በሠላሳ ልጆች ፊት የተነገረን ቃል ግን ማን ይመልሰዋል? ጓደኛችን «ከዚህ በላይ በምን ልጠንክር?» ሲለን ያ ልጅ ትዝ ያለን በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ አፍ አውጥቶ አልጠየቀም እንጂ ጥያቄው አንድ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢያን፣ ምናልባትም መምህሮቻችን፣ «እንግዲያስ ጥረት ዋጋ የለውም ልትሉ ነው? ለልጆች እንዲህ ብላችሁ ልታስተምሩ ነው?» ሊሉን ይችላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኛም እርስ በርሳችን ተከራክረንበታል። መልሳችን እንደሚከተለው ነው። ያላረሰ ገበሬ ውርጭ ባይመጣም አያጭድም። ጓደኛችን በሌሊት ባይነሳ ኖሮ ከመቶ 46 ቀርቶ 20ም ባላመጣ፣ ዛሬም እዚህ ባልተገኘ ነበር። ስለዚህ ጥረት የግድ ነው። ነገር ግን ጥረት ብቻውን አይበቃም። ደብተር፣ መብራት፣ መምህር፣ ቁርስ፣ ከተመረቁም በኋላ ሥራ ያስፈልጋል። እነዚህን የጎደለው ሰው ላይ «ጠንክር» ብሎ መጮህ ምክር አይባልም፤ ከኃላፊነት መሸሻ ነው። እኛ ራሳችን ያን ማታ ሸሽተንበታል።

የጓደኛችንን መጨረሻ ለማወቅ እንደምትፈልጉ እንገምታለን። ቅዳሜ ሄደ። እኛም ሦስታችን መናኸሪያ ድረስ ሸኘነው። ከመሳፈሩ በፊት የሚያዝያ ድረስ ያለውን የኪራይ ድርሻውን እንደምንሸፍን ነግረነው፣ በራሳችን ደብተር ላይ ጽፈን አሳየነው። አለማልቀሱ የእሱን ጥንካሬ ያሳያል፤ እኛ ግን ከዳን። ሰኞ ማታ በሩ ተንኳኳ። አንድ ማዳበሪያ በሶ ተሸክሞ ቆሟል። እናቱ የቀሯቸውን ሁለት እርጉዝ በጎች ሸጠው ብድሩን ከፍለዋል፤ ልጅቷም ለጊዜው ትምህርቷን ቀጥላለች። «አንተ ተመልሰህ አስተምር፤ ሌላውን እኔ አውቃለሁ» ብለውታል። ደስ ብሎን ነበር። ሌሊት ግን ስናስበው ዕዳው አልጠፋም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ። ከበጎቹ ጋር የሚወለዱት ግልገሎችም አብረው ሄደዋል።

ሕጉ በመምህርነት ለሚያገለግል ምሩቅ የወጪ መጋራት ዕዳውን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት እንዲከፍል መንገድ ሰጥቷል። እኛም ያን ማታ የተነጋገርነው ይህንኑ ነው። የእናቶቻችንን በግና ጣሪያ በደመወዛችን መልሰን እንተካ ይሆን? ዛሬ ቃል መግባት አንችልም። በጠመኔ የምንከፍለው ዕዳ ግን አለ። ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ወደየገጠሩ ስንመደብ «ሰነፍ» የምትባለውን ቃል ከአፋችን እናውጣት። የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ ሲያጋጥመን ከመቅጣታችን በፊት «ደብተር አለህ? ቁርስ በልተሃል? ከስንት ሰዓት መንገድ መጣህ?» ብለን እንጠይቀው። ሦስቱም ተሟልተውለት ካልሠራ ያን ጊዜ እንቆጣው፤ መብታችን ነው።

ሁለተኛ፣ ለልጆች «ጠንክር» ብቻ ብለን አናቁም። «ጠንክር፤ የጎደለህንም ንገረኝ» እንበል። የሚነግረንን ሁሉ ማሟላት አንችልም። ነገር ግን ለርዕሰ መምህሩ፣ ለወላጆች ኮሚቴ፣ ለወረዳው ልናደርሰው እንችላለን። የጎደለው ነገር ካልተነገረ የልጁ ጥፋት ሆኖ ይመዘገባል።

ሦስተኛ፣ እዚሁ ተቋማችን ውስጥ ቅዳሜ ሄዶ ሰኞ የማይመለስ ሠልጣኝ ሊኖር ይችላል። በየክፍሉ በወር 20 ብር የሚጣልባት አንዲት ሣጥን ብትኖረን፣ ቁልፏም በክፍል አለቃና በአንድ መምህር እጅ ቢሆን፣ ለአንድ ሰው የሁለት ወር ኪራይ አታጣም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ጽሑፋችንን ጓደኛችን አንብቦት «ይለጠፍ» ብሏል። የ2,340 ብሩን ዕዳ እስካሁን 900 ብር ከፍለንለታል፤ ቀሪውን እትዬ እየጠበቁን ነው። በሐሳባችን የማትስማሙ ብትኖሩ ከወረቀቱ ሥር ባዶ ቦታ ትተንላችኋል። እርሳሱ በክር ታስሯል፤ እባካችሁ ይዛችሁት አትሂዱ፣ እሱም በዱቤ ነው የተገዛው።

ከአራቱ የአንድ ቤት ሠልጣኞች